«አለው» ያልኩት ሰስፔንሽን

ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲጠይቁት ያስባል፤ የማያውቀውን ሲጠይቁት ግን ወዲያው ይመልሳል። ታዝባችሁ እንደሆነ «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ለመናገር አጭር ናት፤ ጉሮሮ ላይ ስትደርስ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ትሰነቀራለች። በተለይ ደግሞ ሰውየው ደመወዝተኛ፣ መነጽር አድራጊና ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ እንደሆነ ቃሏ ጨርሶ አትወጣም። እኔ ሦስቱንም ነኝ።

የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ሰቆጣ የመጣሁት በግብርና ባለሙያነት ተመድቤ ሲሆን የምኖረው እማማ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ለመስክ ሥራ ስንወጣ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን እቀመጣለሁ። ስለ መኪና ያለኝ እውቀት ተጠቃሎ ይኸው ነው። መንጃ ፈቃድ እንኳን የለኝም። ዳሩ ግን በግቢያችን ዘንድ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው መኪና ያውቃል። ደጃችን ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ አልነሳም ያለ እንደሆነ «እሱን ጥሩት» ይባላል። ወጥቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ጥቂት አየት አደርገውና «የነዳጅ ነገር ሳይሆን አይቀርም» ብዬ እመለሳለሁ። ማስተባበል ይቻል ነበር። ግን ከመከበር የሚሸሽ ማን ነው?

እማማ ለተብርሃን ወገባቸውን ይታመማሉ። ታናሽ እህታቸው ያለችው አምደወርቅ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት በሚኒባስ ሞክረውት ሲመለሱ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው ቤታቸው የገቡት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች የሚገናኙት በስልክ ብቻ ሆነ። የሚያወሩት በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ስለሆነ እኔ የምለየው ሳቁንና ዝምታውን ነው፤ ሰሞኑን ዝምታው እየረዘመ ሄዶ ነበር።

ይህን ያወቀችው ልጃቸው ዝናሽ፣ ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራች ካጠራቀመችው ላይ መኪና ልትገዛ ቆረጠች። እናቷን በሾፌር ታመላልስበታለች፤ እሷም ስትመለስ ትሠራበታለች። አቶ ደሳለኝ የሚባሉ የወልድያ ነጋዴ ያገለገለች፣ ከፍ ያለች የቤት መኪና ይዘው ሰቆጣ መጡ። ያን ጊዜ ዝናሽ በስልክ ድምፅ ላከችልኝ። «ወንድሜ፣ አደራህን፤ መኪናዋ መንገዱን እያየ ራሱን የሚያስተካክል ሰስፔንሽን ይኑራት አይኑራት በደንብ አይተህ ንገረኝ። ለእማዬ ወገብ ብዬ ነው የምገዛት፤ በዚህ ነገር መታለል አልፈልግም» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው። የመለስኩላት ግን «አንቺ ብቻ አታስቢ» ብዬ ነው።

ከዚያ ኔትዎርክ ብቅ ባለ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰስፔንሽን ማለት የመንገዱን ንጠት የሚያበርዱት የመኪናው ሞላና ሾክ አብዞርበር ናቸው። ይህ ሰስፔንሽን ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ማለስለሻና ማጠንከሪያ ቁልፍ ይኖረዋል፤ ወደ ሾክ አብዞርበሩ የሚገባ የኤሌክትሪክ ሽቦም ይታያል። ቁልፍና ሽቦ! ይህ ደግሞ ምን ይከብዳል?

በማግስቱ መኪናዋን ዞርኳት። ኮፈኗን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሐኪም ደረት ሲመታ አይቻለሁ። ካርቶን አስነጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ጎማው አጠገብ አንዲት ጥቁር ሽቦ አየሁ። ወዴት እንደምትሄድ ልከተላት ስል ኮቴ አንድ ብረት ላይ ተያዘና አቶ ደሳለኝ በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ሽቦዋን ግን አይቻለሁ። ቀጥሎ ውስጥ ገብቼ መሪው አጠገብ ያሉትን ቁልፎች ስመረምር አንዱ ላይ የመኪና ሥዕል፣ ከመኪናዋ በታች ደግሞ ሁለት የተጥመለመሉ መስመሮች አየሁ። መኪና በማዕበል ላይ ስትንሳፈፍ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አቶ ደሳለኝን «ራሱን የሚያስተካክለው ሰስፔንሽን ይኼ ነው አይደል?» አልኳቸው። እሳቸውም ምንም ሳያመነቱ «እንዴታ!» አሉ። እውነቱን ለመናገር ክንፍ አላት ወይ ብላቸውም «እንዴታ» ይሉ ነበር።

የቀረው በመንገድ መሞከር ነው። እማማ ለተብርሃንን ከፊት አስቀምጠን፣ አቶ ደሳለኝ እየነዱ፣ ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ወጣን። ኮረኮንቹ ሲጀምር ከኋላ እጄን ዘርግቼ ቁልፏን ተጫንኩ።

«እማማ፣ አሁንስ ተሻለዎት?»

«ተሽሎኛል ልጄ።»

መልሼ ተጫንኩ። «አሁንስ?»

ትንሽ አሰቡና «አሁን ከበድ አለ» አሉ። እንደገና ስጫን እንደገና ተሻላቸው። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የዓለም ሳይንስ በሙሉ በሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። እማማም ደስ ብሏቸው፣ ከተማ እንደተመለስን ለእህታቸው ደውለው ልመጣ ነው አሏት፤ የሚወስዱላትንም ነጠላ ከሣጥን አውጥተው አጣጠፉ።

እኔም በኩራት ለዝናሽ ደወልኩ። አለው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእናትሽ ወገብ ፈትኜዋለሁ አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አልሰማሽኝም እንዴ?» ብላት፣ «ሰምቻለሁ። ካለውማ ይቅርብኝ፤ መኪናዋን አልፈልጋትም» አለች።

እንዴት? ብዬ ጮህኩ። ነገሩ ለካ ወዲህ ነው። የአሠሪዎቿ መኪና እንዲህ ያለ ሰስፔንሽን ነበረው፤ አንድ ቀን ተበላሸና በአንድ ጎኑ ተኝቶ ቀረ። መለዋወጫው እዚያ ትልቅ ከተማ እንኳን ወራት ተጠብቆ ነው የመጣው። «ሰቆጣ ላይ ቢተኛብኝ ማን ያነሣልኛል? ለእማዬ ተራ ሞላ ያላት፣ ቀስ ብላ የምትሄድ ትበቃታለች» አለችኝ። እንዳላት አረጋግጥልኝ ሳትል ይኑራት አይኑራት እይልኝ ማለቷን ያኔ አስታወስኩ። ሳይልኩኝ ወዴት ያልኩት እኔ ነኝ።

እማማ ለተብርሃን ከጎኔ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ነጠላውን ይዘው ወደ ቤት ገቡና የሣጥኑ ክዳን ሲዘጋ ሰማሁ። ያ ድምፅ ምሳዬን ዘጋኝ።

ተከትያቸው ገባሁና፣ እማማ ይማሉኝ፣ ቁልፉን ስጫን በእውነት ለውጥ ነበረው ወይ? አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምንም አልነበረውም ልጄ። አንተ እንደዚያ ጓጉተህ ስትጠይቀኝ ምን ልበልህ? እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«ከበድ አለ ያሉትስ?»

«ሁሌ ተሻለኝ ብል አታምነኝም ብዬ።»

ሮጬ ወደ አቶ ደሳለኝ ሄድኩ። ወደ ወልድያ ሊመለሱ ዕቃቸውን እየጫኑ ነበር። ሰስፔንሽኑ ምናልባት የለው ይሆን? ብላቸው ተቆጡ፤ እኔ ውሸታም ነጋዴ አይደለሁም፣ አለው ካልኩ አለው ብለው በታቦት ማሉ። ገዢዋ የተወችው ስላለው እንደሆነ ሳስረዳቸው ግን ለቅጽበት ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና፣ በረጋ ድምፅ፣ «አለው ያልኩት እኮ አንተ ስላልክ ነው፤ የተማረ ሰው እንዴት ልቃወም?» አሉ።

አሁን ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ቅድም እንዲኖረው ስለፈለግኩ ነበረው፤ አሁን እንዳይኖረው ስፈልግ ዓይኔን ምን አምነዋለሁ? ስለዚህ ኮቴን አውልቄ እንደገና ከሥሯ ገባሁና ሽቦዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ተከተልኳት። ሾክ አብዞርበሩን ሳትነካ አልፋ ጎማው መሐል ፍሬኑ ዘንድ ገባች። አራቱንም ጎማ እንዲሁ አየሁ፤ ያው ነው። ከዚያ የቁልፏን ነገር እንድለይ ለምኛቸው አቶ ደሳለኝ መኪናዋን አንድ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ሲያስገቧት ጎማዋ ተንሸራተተና ያቺው ሥዕል ከመሪው ፊት ቢጫ እያበራች ብልጭ ድርግም አለች። ማዕበል ያልኩት ለካ የጎማ መንሸራተት ምልክት ነው። የመረመርኩትን ሁሉ በቪዲዮ ቀርጬ ላክሁላት። ዝናሽ እየሳቀች መለሰች፤ መኪናዋም ተገዛች።

እማማ ለተብርሃን ወገባቸውን በትራስ ተደግፈው፣ በተቀጠረ ሾፌር እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳብን፣ አምደወርቅ ደረስን። እህታቸው መኪናዋ ሳትቆም ነው መስታወቱን ይዛ አብራ መራመድ የጀመረችው። የዚያን ቀን በኽምጣኛ ሲያወሩ ዝምታ የሚባል ነገር አልሰማሁም።

ባለፈው ሳምንት አቶ ደሳለኝ ከወልድያ ደወሉልኝ። ሌላ መኪና ለሌላ የሰቆጣ ሰው ሊያመጡ ነው፤ ገዢው ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የምትሄድ፣ ትሁን አትሁን የሚመረምርለት አዋቂ ቢጠይቃቸው ስሜን ሰጥተውታል። መቼ ትመጣለህ? አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና፣ በባለሙያ ድምፅ፣ ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር እንዲያጣሩልኝ ነገርኳቸው፦

«ሰውየው እንድትሆን ነው የሚፈልገው፣ እንዳትሆን?»