አባ ለምልም በመስታወቱ ሣር ላይ የዘመቱት ዘመቻ

ይህ ነገር የሆነው በዘመነ ማርቆስ፣ አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ የቀበሌው ሸማቾች ሱቅ ሳሙና አልቆበት ገና ሌላ ባልመጣለት ወራት፣ በጣና ዳር በባሕር ዳር ከተማ ነው፤ ያደረጉትም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል አለቃ፣ ወፍራም መነጽር ለባሹ፣ ከስብሰባ የማይቀሩት ጓድ አምባቸው ሣህሉ ናቸው፤ የጥንት ጀግኖች በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩ እሳቸውም በብስክሌታቸው ስም አባ ለምልም ይባላሉ። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

የዘመቻው መነሻ እንዲህ ነው። በፋብሪካው ማሽን ሊተክል መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ዓሣ የሚቀመጥበትን የመስታወት ገንዳ ለአባ ለምልም ትቶላቸው ሄደ፤ እሳቸውም ገንዳውን በሳሎናቸው መስኮት ሥር አቁመው፣ አሸዋ አንጥፈው፣ ከሐይቁ የመጣ ቅጠለ ረጅም የውኃ ሣር ተከሉበት፣ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ዓሦችም ጨመሩበት። ቤተሰቡም ገንዳውን በአጭሩ «መስታወቱ» አለው።

በዚያው ሰሞን የባለቤታቸው የሸዋዬ እናት፣ የእንፍራንዟ እመቤት ወይዘሮ የብርጓል፣ በእጃቸው የሠሩትን ጣዎስ ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ዳንቴል፣ «ለመስታወቱ አልብሱት» ከሚል ቃል ጋር በአውቶቡስ መንገደኛ ላኩ። ሸዋዬም ደስ አላት፤ በዚያ ቤት ራዲዮኑ ዳንቴል ለብሶ፣ ሶፋው ለብሶ፣ ፔርሙሱ እንኳ ለብሶ ሳለ መስታወቱ ብቻ ራቁቱን መቆሙ ነውር ነበርና፣ ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። አባ ለምልምም አጸደቁ። ፀሐይ ቀለም እንደምትበላ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ አረንጓዴ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሠራተኛ ስንቴ ተቆጥተዋል! አረንጓዴ ሣርም ያው አረንጓዴ ነው ብለው አሰቡ።

ዓሦቹ ደኅና ዋሉ፣ ሣሩ ግን እምቢ አለ፤ ቅጠሉ ገረጣ፣ ጫፉ በሰበሰ፣ አንዳንዱም ከሥሩ ተነቅሎ ተንሳፈፈ። በአንድ ፈረቃ ስንት ጥቅል ጨርቅ አረንጓዴ የሚያደርጉ ሰው አንዲት ስንዝር ሣር አረንጓዴ ማድረግ አቃታቸው።

ለሌላ ሰው ይህ የሚጣል ሣር ነው፤ ለአባ ለምልም ግን የስማቸው ጉዳይ ነበር። በሠርጋቸው ማግሥት በአማታቸው ጓሮ የተከሉት ጌሾ ስለ ደረቀ፣ በዓመቱ የተከሉት ሎሚ ስለ ደረቀ፣ ቀጥሎም በአገሩ ታይቶ የማያውቅ ነገር ሆኖ የተከሉት ባሕር ዛፍ ስለ ደረቀ፣ ወይዘሮ የብርጓል በዘመድ ሁሉ ፊት «አማቼ ደግ ሰው ናቸው፤ አይሰክሩም፣ አይሳደቡም። እጃቸው ግን አያበቅልም። አንቺ ልጅ፣ ጎመኑን እንኳ ራስሽ ትከዪ!» ብለው አውጀው ነበር። አዋጁም አልተሻረም።

እኒህ እመቤት ለጥምቀት እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ ሸዋዬ በማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ እንዲህ ስትል አስነገረች፦ «ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! እናቴ መጥታ ይህን ራሰ በራ ገንዳ ካየች ዕድሜ ልኬን አትለቀኝም። እስከዚያ ሣርህ ካልበቀለ መስታወቱ ለእህቴ ሻይ ቤት ይሰጣል፤ ቢያንስ አምባሻ ይታይበታል!»

አባ ለምልም ይህን ሲሰሙ ክተት አሉ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኝ የኤሌክትሪክ ክፍሉ አስናቀ ባልዲ ይዞ፣ በግራ የመሸንቲው ገበሬ፣ የአክስታቸው ልጅ ቢያዝን፣ ጄሪካን ተሸክሞ፣ ከኋላ ማንም ያልጠራው የሰፈር ውሻ፣ ከፊት እሳቸው ራሳቸው በብስክሌታቸው ላይ ሆነው ወደ ሐይቁ ወረዱ። በዚያም ሣሩን ያመጣላቸውን ዓሣ አጥማጁን አብዱልመጂድን ታንኳውን ፀሐይ ሲያስመታ አገኙት፤ እርሱም ነገሩን ገና ሳይጨርሱለት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አወጀ፦ «አምባቸው ወንድሜ፣ ይኼ ምን ይጠየቃል! የቧንቧ ውኃ ነው የገደለው። እኔ ራሴ ቧንቧ ስጠጣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ወላሂ! የጣናን ልጅ ጣና አጠጣው፤ ቅዳና ሂድ!» ቀዱ፣ ተሸከሙ፣ ግማሹን በየመንገዱ አፈሰሱ፣ ገንዳውንም በጣና ውኃ ሞሉት። ሣሩም የአገሩን ውኃ ባየ ጊዜ እንደ ቀድሞው ገረጣ።

ወእምዝ ቢያዝን ከገበሬ ማኅበሩ አንድ እፍኝ ማዳበሪያ በፌስታል ቋጥሮ መጣና «ጋሼ፣ ጤፍ ሣር ነው፤ ይኼም ሣር ነው። ጤፍ ሲገረጣ ምን እናደርጋለን? ዳፕ! አለቀ፣ ደቀቀ!» ብሎ አወጀ። ነገሩ የሚያሳምን ነበርና እፍኙ ሁሉ ገባ። ሲነጋ ውኃው እንደ አጥሚት ደፍርሶ ተገኘ፤ ዓሦቹም አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲለምኑ ታዩና ወደ ልብስ ማጠቢያው ሣፋ ተሰደዱ። ሸዋዬ ሁለተኛውን አዋጅ አወጣች፦ «ሣፋዬን ዓሣ ሰፈረበት! ሳሙና ጠፋ እንጂ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ልብሱን በባርኔጣህ አጥብ ነበር!»

አስናቀ በብስክሌት መንፊያ ገንዳው ውስጥ አየር የነፋበትን ሦስተኛውን ዘመቻ በዝርዝር አልጽፈውም። አሸዋው ተነሥቶ ግድግዳውን መታ፤ ይበቃል።

ውኃው ከተለወጠና ዓሦቹ ከስደት ከተመለሱ በኋላ፣ የገና በዓል ሊውል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሠራዊቱ ሁሉ በየቤቱ ተበትኖ ሳለ፣ አባ ለምልም ብቻቸውን በሳሎኑ ወለል ላይ በሆዳቸው ተኙ፤ መነጽራቸውንም አስተካክለው በዳንቴሉ ሥር ወደ ውስጥ ተመለከቱ። እነሆ፣ ከገረጣው ሁሉ መካከል አንዲት ቅጠል አንገቷን አጣማ ሄዳ ሄዳ፣ ክሩ ቀዳዳ በተወበት በጣዎሱ ዓይን ሥር ደርሳ ቆማ ነበር፤ በዚያ ቀዳዳ አንድ ዘለላ ፀሐይ ይገባል፣ ፀሐይዋ ያረፈችበት ሥፍራ ብቻ እንደ አደንጓሬ ቅጠል አረንጓዴ ነው። አባ ለምልም ያን ጊዜ የማቅለሚያ ክፍሉንና ሐይቁን በልባቸው አስተያዩ። ፀሐይ የምትበላው የተቀባውን ቀለም ነው፤ ሣር ግን ቀለሙን የሚሠራው ራሱ ነው፣ የሚሠራውም ከፀሐይ ነው። ስለዚህ ውኃው አልበደለም፣ አሸዋውም አልበደለም። ሣሩን ጨለማ አሟጦት ነበር፤ ጨለማውም የአማታቸው እጅ ሥራ ነበር።

ጀግናው እዚህ ላይ ፈሩ። ዳንቴሉን ቢያነሡ አማታቸውን ያዋርዳሉ፤ ባያነሡ እጃቸው አያበቅልም የሚለው ቃል ይጸናል። ጥቂት ተቀመጡ፤ ከዚያም ተነሥተው በሁለት እጃቸው ገፈፉት። ሸዋዬ «እናቴ የላከችውን ያወረደ እናቴን ከደጄ የመለሰ ነው!» ብላ ብታውጅ፣ እሳቸው ወለሉ ላይ አስተኝተው አረንጓዴዋን ቅጠል አሳዩዋትና ውል ተደረገ፤ ቀን ቀን መስታወቱ ፀሐይ ይሙቅ፣ እናት የመጡ ዕለት ዳንቴሉ ወደ ዙፋኑ ይመለስ።

ሣሩም ማቆጥቆጥ ጀመረ። ከየሥሩ አዲስ ቅጠል ወጣ፣ ቀትር ላይም በቅጠሉ ጠርዝ ላይ እንደ ብር የሚያበሩ ጥቃቅን አረፋዎች ተደረደሩ፤ አባ ለምልም ከሥራ ሲመጡ ምሳቸውን በገንዳው ፊት ይበሉ ጀመር።

ወይዘሮ የብርጓል ግን ከተባለው ቀን ቀድመው መጡ፤ የእህል መኪና ከመንገድ አሳፍሯቸው ነበር። ሲገቡ መስታወቱ ራቁቱን ቆሟል፣ ዳንቴሉ ሶፋው ላይ ታጥፏል፣ ሸዋዬ ደርቃለች። አባ ለምልምም ወደ ፊት ወጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የዘመናቸውን ታላቅ አዋጅ አወጁ፦ «እመይቴ፣ ይስሙኝ! የእጅዎ ሥራ የሣር መጋረጃ ሆኖ እንዳይቀር እጅግ የከበረ ነው። ስለዚህ ከመስታወቱ አንሥተን በራዲዮኑ ላይ ሾመነዋል፤ የራዲዮኑም የቀድሞ ዳንቴል በክብር ጡረታ ወጥቷል!»

እመቤቲቱም ነጠላቸውን ሳያወርዱ መለሱ፦ «የምን መስታወት? ይኼ ገንዳ አይደለም እንዴ! እኔ ለመስታወቱ ያልሁት የቁም ሳጥኑን መስታወት ነው። አምና እዚህ ሳድር ሌሊት በተነሣሁ ቁጥር አንዲት ነጭ የለበሰች አሮጊት ፊቴ ድንቅር እያለች ልቤ ሊወጣ ነበር። እሷን ሸፍኑልኝ ብዬ ብልክ እናንተ ሣር ታፍናላችሁ? ምነው ልጆቼ፣ በጤናችሁም አይደል!»

ባልና ሚስት ወለሉን ተመለከቱ። ወይዘሮ የብርጓል ግን ጎንበስ ብለው ወደ ገንዳው አዩ፤ ቀትር ነበርና ሣሩ አረፋውን ደርድሯል። ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ፣ አንዱን ቅጠል ዳሰሱ፣ እንዲህም አወጁ፦ «አንቱ ልጄ፣ ከዚህ አንድ ሁለት ሥር ነቅለው ይስጡኝ። እንፍራንዝ ወስጄ በጠርሙስ አደርገዋለሁ።»

በእኛ አገር ዘር የሚለመነው እጁ ከሚያበቅል ሰው ነው። ይህን አባ ለምልም ያውቃሉ፣ ሸዋዬም ታውቃለች፤ ወይዘሮ የብርጓልም ስለሚያውቁት ቃሉን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሰላም ለመነጽራቸው፣ የጣዎስን ዓይን አሻግሮ ላየ፤ ሰላም ለሆዳቸው፣ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ለተኛ፤ ሰላም ለእጃቸው፣ ጌሾን ላደረቀ፣ ሎሚን ላደረቀ፣ ሣርን ግን ላዳነ። ሌሎች ጀግኖች አገር አቅንተዋል፣ ከተማ ቆርቁረዋል፤ አባ ለምልም አንድ ጨርቅ አንሥተዋል። ሣሩም ከዚህ የበለጠ አልጠየቀም።