ነፋሱን ማን አሰረው?

ሰው በገዛ እጁ ላበላሸው ነገር ጥፋተኛ ለመፈለግ ሲነሣ እግሩ እንዴት ይፈጥናል! የጎረቤት ደጅ ላይም ቶሎ ይደርሳል። እኔ ዳዊት የደገምሁ፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ ከዚህ ነፃ ነኝ ብዬ ነበር።

ንጉሡ ደብረ ታቦር ከሰፈሩ ወዲህ ወታደር ገብሳችን እስኪናፈስ አይታገሥም፤ አውድማ ላይ ያገኘውን ከነእብቁ ይወስዳል። ስለዚህ ያን ቀን ሳይመሽ አናፍሰን ጉድጓድ ማስገባት ነበረብን። ነፋሱ ግን ሰንፏል። ነፋስ ሲሰንፍ ደረቅ የበሬ ቁርበት አጋድሞ ይዞ ነፋሱን በጀርባው ላይ እያንሸራተቱ ወደ ምርቱ መላክ በእኛ ቤት የሴት ሥራ ነው። እኔም ብዙ ነፋስ ልያዝ ብዬ ቁርበቱን እንደ በር አቆምሁት። ስስት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ቁርበቱ በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነፋሱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ከቁርበቱ ኋላ እየተሽከረከረ እብቁን መልሶ በንጹሑ ገብስ ላይ፣ የተረፈውንም በባለቤቴ ጢም ላይ ያፈስሰዋል።

ይህን ጊዜ ልጇን ልትድር ጠላ የጠነሰሰችው ጎረቤቴ ጥሩዬ በአውድማው ዳር አለፈች፤ በሐሳብ ተይዛ «ይበርክት» ማለት ረሳች። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ነፋሱን በዓይንሽ አሰርሽው ብዬ ሊያግዙን በመጡት የወንፈል ሰዎች ሁሉ ፊት ጮኽሁባት።

ጥሩዬ አላለቀሰችም። መጥታ ቁርበቱን ነጠቀችኝና ዝቅ አድርጋ አጋደመችው። አንቺ፣ አሞራ ሲያርፍ አይተሽ አታውቂም ወይ አለችኝ፤ ቀስ ብሎ እየበረረ ክንፉን ከልክ በላይ ሲያቀና ነፋሱ ከጀርባው ይላቀቃል፣ ላባው ብድግ ብድግ ይላል፣ እሱም ይንገዳገዳል። ደካማ ነፋስ ደግሞ ቶሎ ነው የሚላቀቀው፤ እንደ ባልሽ በግድ አይጎተትም አለችኝ። እውነትም ነፋሱ በቁርበቱ ጀርባ ላይ ጸጥ ብሎ ፈሰሰ። ገብሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉድጓድ ገባ።

ነገሩ አለቀ ስል የወንፈሉ ሰዎች ያሰረ ካልሆነ ማን ይፈታል እያሉ አወሩ። በሳምንቱ የልጅቷ አማቾች ከቡዳ ቤት አንጋባም ብለው ላኩ። ከቤት ቤት እየዞርሁ ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው ብል፣ ለጎረቤት እንዲህ ማዘንሽ መልካም ነው ብለው መረቁኝ።

በመጨረሻ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ፤ የአማቾቹም የነፍስ አባት ናቸውና የእርሳቸውን ቃል ይሰማሉ ብዬ። የቁርበቱን አያያዝ እንኳ በኩታዬ ጫፍ አሳየኋቸው። አባ በእርጋታ ሰምተው፣ በሐሰት ስም ማጥፋት ከባድ ኃጢአት ነው ልጄ ብለው ገሠጹኝ፤ አርባ ስግደት አዘዙኝ፤ ነገ ራሴ ሄጄ አማቾቹን አናግራለሁ አሉ። እፎይ ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝ። ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመሆኑ ነፋሱን በምን ፈታችው አሉኝ።