ዳማው የሚያውቀው መንገድ

ሰው ወደማያውቀው አገር ሊሄድ ሲነሳ ምክር አያጣም። ውኃውን አትጠጣ፣ ጃንጥላ ያዝ፣ ብርህን ካልሲህ ውስጥ ሸጉጥ የማይለው የለም። የሚገርመው፣ መካሪው አብዛኛውን ጊዜ ከዳንግላ ወዲያ አልፎ አያውቅም። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝና የበኩሌን ልጨምርላችሁ፤ በሰው አገር ፈረስ ስትከራዩ፣ ጥርሱን ከማየታችሁ በፊት የባለቤቱን ጠባይ ጠይቁ።

ይህን የተማርኩት በክላራ፣ በአንዲት ፈረንጅ ጎብኚ ነው። ክላራ እንጅባራ የመጣችው ቀኗን እንደ ጎመን ከትፋ፣ ለእያንዳንዱ ነገር ሰዓት መድባ ነበር። ለዘንገና ሐይቅ፣ ለምሳ፣ ለእረፍት፣ ሌላው ቀርቶ ለመደነቅ እንኳ ሰዓት አላት። እንግሊዝኛ አስተማሪ በመሆኔ አስጎብኚነቱ እኔ ላይ ወደቀና፣ ከጎረቤቴ ከጋሽ ተሻገር አንድ ዳማ ፈረስ ተከራየሁላት።

ጋሽ ተሻገር ደግ ሰው ነው፤ እንከኑ አረቄ ብቻ ነበር። «ነበር» ያልኩት ከፋሲካ ወዲህ በንስሐ አባቱ ፊት ምሎ ስለተወ ነው። ሚስቱ እትዬ ያልጋነሽም «እንደገና ከቀመስክ ግምጃ ቤት ከተማ ወንድሞቼ ዘንድ እገባለሁ፤ አልመለስም!» ብላዋለች። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

«ግድ የለም፣ ዳማው ራሱ መንገዱን ያውቀዋል» ብሎ ልጓሙን ሰጠኝ። ማወቁንስ ያውቀዋል።

ገና ከተማውን ሳንወጣ ዳማው ወደ አንድ አረቄ ቤት ታጠፈና ደጃፉ ላይ ቀጥ አለ። በአማርኛ ለመንኩት፣ በአዊኛ ተቆጣሁት፣ ክላራ በእንግሊዝኛ አባበለችው። ሦስት ቋንቋ ንቆ ቆመ። የጎረቤትን ገበና መሸፈን ወግ ነውና «ይሄ ባህላዊ ቤት ነው፤ ጎብኚ ሁሉ እዚህ ይቆማል» አልኳት። ደስ ብሏት በስልኳ ትቀርጽ ጀመር። አረቄ ሻጯ እፍኝ ገብስ ይዛ ወጣች፤ ዳማው ድርሻውን በላና ማንም ሳያዘው መንገዱን ቀጠለ። እስከ ሁለተኛው ባህላዊ ቤት። ከዚያ ሦስተኛው አለ። ዘንገና ስንደርስ ሐይቁ ጉም ተከናንቦ ተኝቷል፤ ክላራም የመደነቂያ ሰዓቷን ጉም ላይ አዋለችው።

ጉዱ የፈላው ስንመለስ ነው። ክላራ ምስጋና መሆኑ ነው፣ የቀረጸችውን ለእትዬ ያልጋነሽ ከፈተችላት። የአረቄ ሻጯ ድምፅ ከስልኩ ጥርት ብሎ ወጣ፦

«ዳማዬ! ምነው ዛሬ ብቻህን? ጋሽ ተሻገርን የት ጣልከው?»

«ዛሬ?» አለች እትዬ ያልጋነሽ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። ማድረሱን ትቶ ሰው ሲያዋጋ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጋሽ ተሻገርን ላብ አጠመቀው፤ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ክላራ አየ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዳማው ዞረ።

«እኔማ ምዬ ትቻለሁ» አለ። «ፈረሱ ነው ያልማለው።»

የሳቀ የለም። በነጋታው ማለዳ እትዬ ያልጋነሽ መቀነቷን አጥብቃ፣ ጓዟን ጭና፣ ዳማው ላይ ወጥታ የግምጃ ቤትን መንገድ ያዘች። ጋሽ ተሻገር ደጁ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ እህል የሚባል አልቀመሰም። ቤቱ ባዶ መቅረቱ ገብቶታል። አንጀቴን በላውና አብሬው ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳማው ብቅ አለ። እትዬ ያልጋነሽ ኮርቻው ላይ ናት፤ ጓዟም እንደታሰረ ነው። ነጠላዋ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ለብቻዋ ትስቃለች። ገና ሳትወርድ የአረቄው ሽታ ቀድሟት ደረሰ።

«ግምጃ ቤት አልሄድሽም እንዴ?» አላት ጋሽ ተሻገር በደስታም በጥርጣሬም እየተርበተበተ። «እስካሁን የት ዋልሽ?»

ልጓሙን እጁ ላይ ጣለችለትና ወደ ቤቷ ገባች።

«ፈረሱን ጠይቀው!»