ኮምፒውተሬን ለአባባ ብዬ ያጸዳሁ ዕለት

ዛሬ በገዛ እጄ የሠራሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔም አንድ ቀን እስቅ ይሆናል።

ጠዋት የኮርሴን የመጨረሻ ጽሑፍ በዙም ማቅረብ ነበረብኝ። ትምህርት የጀመርኩት እዚህ ናይሮቢ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ ነው።

በልጅነታችን አባባ ወንድሜን ካሳሁንን ትምህርት ቤት ላኩት፣ እኔን ቤት አስቀሩኝ። ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም። በቀደም ግን በስልክ ስለ ዛሬው ስነግራቸው "እኔም ማየት እችላለሁ?" አሉኝ።

አባባ ናቸው እንዲህ ያሉት። ካሳሁን በስልኩ እንዲያሳያቸው የዙሙን ሊንክ ላክሁለት።

ታዲያ ምን አደረግኩ? እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳ የለ? ኮምፒውተሬን አጸዳሁ።

ይንቀራፈፍ ስለነበር መሃል ላይ ቀጥ ቢልብኝስ ብዬ፣ በማለዳ ተነስቼ ጽሑፌን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩና ዊንዶውሱን አጥፍቼ እንደ አዲስ መጫን ጀመርኩ። መመሪያውን ስልኬ ላይ ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩ። ስልኩ ቻርጅ እንዳይጨርስብኝም በገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት።

ይቺን ገመድ ያዙልኝ።

ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ "ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ" የሚል ገጽ መጣ።

በምን ልገናኝ? ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የሚቀበልበትን የራሱን ኔትወርክ አዳፕተር አላውቀውም ብሏል። እንዲያውቀው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ይጫንለት። ድራይቨሩ የት ነው? ኢንተርኔት ላይ! "ቀጥል" የሚለው ቁልፍ ደግሞ ፈዝዞ አልጫን አለኝ።

ካሳራኒ መንገድ ዳር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት በቦዳቦዳ ሞተር በርሬ ድራይቨሩን በፍላሽ ይዤ መጣሁ። የሌላ ሞዴል ነው።

"በስልክሽ አትገቢም ነበር?" የምትሉ አላችሁ። የኮርሱ ደንብ "በኮምፒውተር ብቻ" ይላል። እኔ ደግሞ ደንብ የተጻፈው ሊከበር ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

ሰዓቱ አለፈ።

ካሳሁን ከደሴ ደወለ። "የት ጠፋሽ? ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የገባው። አንዷማ ማታቱ የምትሉት ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ አቀረበች እኮ።"

ማታቱ ውስጥ።

ስልኩን ዘግቼ፣ በንዴት የመመሪያውን ገጽ እስከ ታች ወረድኩት። ኮሜንት አላነብም፤ ፊደል የሚገድፍ ሰው ያናድደኛል። የመጀመሪያው ኮሜንት ከዳር እስከ ዳር ግድፈት ነው። ስልክህን በገመድ ሰካ፣ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የምትለዋን አብራ፣ የስልኩ ኢንተርኔት ይገባልሃል ይላል።

ገመዱ ከማለዳ ጀምሮ እንደተሰካ ነው።

አንዴ ነካ አደረግኳት። ኢንተርኔት መጣ።

መልሼ ለካሳሁን ደወልኩና "አባባን አቅርብልኝ" አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሰርግ ኮታቸውን ለብሰው ነው የጠበቁሽ። የአቅራቢዎቹ ስም ሲወጣ 'የእሷ የቱ ነው?' አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲያ ጣታቸውን ስምሽ ላይ እያሳረፉ ከዙሙ ሁለቴ አስወጡኝ።"

አባባ ማንበብ አይችሉም።

ስልኩን ተቀበሉት። "ልጄ፣ እኔ ስነካካው ነው እንዴ የጠፋሽው?"

"አይደለም አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ምንም አላደረጉም።"

"ሁለተኛ እጄን አላስጠጋም፣ ከሩቅ ነው የማየው" አሉኝ።

ሌላ ቀን ይሰጠኝ እንደሆነ ኮርሱን ጠይቄያለሁ። መልስ የለም። ኮምፒውተሬ ግን ንጹህ ነው፣ እንደ መስታወት።

ከዛሬ ጀምሮ ኮሜንት አነብባለሁ፤ እንደፈለጋችሁ ግደፉ። እስቲ ንገሩኝ፣ ስሜ እንደገና ከወጣ እጃቸውን እንዲያሳርፉበት አባባን ምን ብዬ ልለምናቸው?