ዓይኔ ሥር ልተኮስ ወይስ ልበጣ?

ዘመኑ ፲፱፻፸፪ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ነቀምት መሠረተ ትምህርት ገብቶ እኔም ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ስቆጥር ዓይኔ ሥር ጠቆረ። አንባቢዬ፣ በራሱ ፊት የማይደፍረውን በሰው ፊት ላይ የሚያዝ ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔን ሁለት ገጠሙኝ።

አብሮኝ የሚማረው ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ፣ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ይሄ የጉበት ነው፤ በጋለ ብረት ተተኮስ» አለኝ። ባለሱቁ ከድር ደግሞ «ምን ሲባል! በምላጭ ተበጥቶ ጥቁሩ ደም ይውጣ እንጂ!» አለ። ሲሟገቱ እኔ የሌለሁ ይመስል ነበር። ዓይኑ የማን ነው፣ ጎበዝ?

መድኃኒት አዋቂዋ አዴ ጫልቱ ቤት ብሄድ ብረቱንም ምላጩንም አዘጋጅታ «ይምረጡ» አለችኝ። «ምላጩ» አልኩ።

«እንግዲያው በሳሙና ይታጠቡ። ባልታጠበ ፊት ላይ ምላጭ አላሳርፍም።»

ሳሙና ከሱቅ ስለጠፋ እኛ በውሃ ብቻ ነበር የምንታጠበው። አሁን እሷ በሰጠችኝ ሳሙና ብታጠብ ውሃው ከሰል መሰለ፤ ዓይኔ ሥርም ጠራ። ለካ የኩራዙ ጥላሸት ኖሯል! እሷ በሳቅ ስትወድቅ እኔ እንደተፈታ እስረኛ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጧት ከእሷ የለመንኩትን ቁራሽ ሳሙና ይዤ ኦቦ ገመቹ ደጅ ቆምኩ። የእሱም ዓይን ሥር ጠቁሮ ነበርና፣ ብረት ሳያግል ልድረስለት ብዬ።