ከቴፒ የመጣው ፍላሽ

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ እናንተስ ከስንት ሰው ሕመምና ሞት ደብቃችኋል? ከማንም የምትሉ ካላችሁ ወይ አገራችሁ ሌላ ነው፣ ወይ አሁንም እየደበቃችሁ ነው። እኛ ክፉ ወሬ የምንደብቀው በፍቅር ነው። ሩቅ ያለው ሰው መንገድ ላይ እንዳይደነግጥ፣ ሥራው እንዳይበላሽ፣ ደም ግፊቱ እንዳይነሳ እያልን እንደብቅና፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ በማለዳ ተሰብስበን በሩን እናንኳኳለን። ሲያለቅስም አብረነው እናለቅሳለን። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በቅን ልብ የተሠራን ጭካኔ የሚያህል ጭካኔ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

እኔ ከሚዛን በልጅነቴ ወጥቼ ድሬዳዋ ሳስተምር አረጀሁ። ቴፒ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ብዙነሽ መሞቷ የተነገረኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። «ሳትታመም፣ ሳትሰቃይ፣ እንደተኛች ሄደች» አሉኝ። እኔም አመንኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ማመን ደስ ይላል። መጥቼ አለቀስኩ፤ ከዚያም ሚዛን አጠገብ፣ አማን ላይ ቤት ተከራይቼ ቀረሁ። ልጇ ምትኩ የቀብሯን ቪዲዮ በፍላሽ አድርጎ ሰጠኝ። ያልደረስኩበትን ቀብር ቢያንስ ልየው ብዬ ተቀበልኩት።

አከራዬ አቶ ታደለ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ መምህር ናቸው። ከተማው ሁሉ ዊንዶውስ ሲጠቀም እርሳቸው ኮምፒውተራቸው ላይ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጭነዋል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የዞረ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ግን፣ ጌታ ይመስገን፣ ታሞም አያውቅም» አሉኝ። ለሰሚው ስለ ዳነች ነፍስ የሚመሰክሩ ይመስላሉ።

ፍላሹን ሰኩት። ምንም የለም። ነቀሉና እፍ አሉበት፤ ከኋላ በኩል ደግመው ሰኩት። የፍላሹ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ እንጂ ስክሪኑ ላይ የመጣ ነገር የለም።

«ሞቷል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ወይዘሮ አስካለ! እርስዎ ደግሞ ለመቅበር ይቸኩላሉ!»

ወዲያው ያሉት ነገር ገባቸውና ከንፈራቸውን ነከሱ። «ግድ የለም» አልኩ፤ «ለመቅበር የሚቸኩለውስ ዘመዴ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍተው ትእዛዝ መጻፍ ጀመሩ። ማሽኑ በአንድ መስመር እንግሊዝኛ መለሰላቸው።

«ምን ይላል?»

«ይሄ ፍላሽ በሥርዓቱ ሳይወጣ ተጎትቶ የተነቀለ ስለሆነ አላምነውም ይላል።»

አገሩ ሁሉ ፍላሽ የሚነቅለው እንደ ጎመን ነው። አላምንም ያለ ፍጡር በዚህ ከተማ ሳገኝ ይህ ማሽን የመጀመሪያው ነው። ወደድኩት። አቶ ታደለ ጥቂት ታገሉትና፣ ለማንበብ ብቻ፣ ምንም እንዳይነካ አድርገው ከፈቱልኝ።

ቪዲዮው አለ። አጠገቡ ግን አንድ ፎልደር ነበር፤ ስሙ «ለእቴቴ» ይላል።

እቴቴ የምትለኝ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«ምትኩ ፍላሹ ውስጥ ያለው ቪዲዮው ብቻ ነው ብሎኝ ነበር» አልኩ።

«ደብቆት ይሆናላ» አሉ አቶ ታደለ። «ዊንዶውስ ላይ አንድን ፎልደር ተደበቅ ብለው ካዘዙት አይታይም። ሊኑክስ ግን ያን ትእዛዝ አይሰማም።»

ውስጡ ዘጠኝ የድምፅ ቅጂ ነበር። የመጀመሪያውን ሲከፍቱት ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ የሚዛን ዝናብ ሲመጣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። ትንፋሽ ብቻ። እስኪያባራ ሁለታችንም ስክሪኑን እያየን ቁጭ አልን።

ዝናቡ ሲተው እህቴ መናገር ጀመረች። ድምጿ ከስቷል። «እቴቴ፣ ዛሬም አልመጣሽም። ታማለች፣ መንገድ አትችልም ይሉኛል። ምንሽን ነው ያመመሽ?»

እኔ አልታመምኩም ነበር። በየእሑዱ ስደውል «ገበያ ወጥታለች»፣ «ተኝታለች» ይሉኝ ነበር።

እስከ ስምንተኛው ድረስ ጠየቀችኝ። በዘጠነኛው መጠየቅ ትታለች። «ቀርተሽብኝ ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ፣ እቴቴ። አንቺ ብቻ ዳኚልኝ።»

እዚያው ሆኜ ምትኩ ጋ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ እንዳትደነግጪ ብለን እኮ ነው» አለኝ። «እማዬም እንዳታዝን አንቺ ታመሻል አልናት።»

«ታዲያ ፍላሹን ለምን ሰጠኸኝ?»

«አደርስልሻለሁ ብዬ ምዬላት ነበር» አለ። «ላስቀረው ብል መሐላው ያዘኝ፤ ልንገርሽ ብል ደግሞ አፈርኩ፤ ፎልደሩን ደብቄ ሰጠሁሽ።» ከዚያ ይለምነኝ ጀመር። «ይቅር በይኝ፣ አክስቴ።»

ስልኩን ዘጋሁት። አቶ ታደለ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ይቅርታ ለራስም ዕረፍት ነው፣ ሟችም ይቅር ብላለች አሉኝ። መልካም ሰው ናቸው፤ መልካም ሰዎች የሚሉትን ነው ያሉት። አዎ፣ ብላለች። ያልሠራሁትን በደል ይቅር ብላኝ፣ ልታየኝ እንደጓጓች ሞታለች። ያ ይቅርታ ለእኔ የሚገባ አልነበረም፤ ለሌላ የማስተላልፈውም አይደለም።

ምትኩን ይቅር አልልም። በየእሑዱ «ተኝታለች» ያሉኝንም አልልም። በእነዚያ ሁሉ እሑዶች አንድም ቀን ተጠራጥራ አውቶቡስ ያልተሳፈረችውን አስካለንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።