አሥራ አንድ አንቀጽ ለአንዲት ሴት

ደንብ የሚወጣው ለሕዝብ ነው የሚል ሰው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሠርቶ አያውቅም። ደንብ የሚወጣው ለአንድ ሰው ነው፤ የቀረው ነዋሪ አጃቢ ነው። ከአምቦ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ከየትኛውም ከተማ ወርዳችሁ በቀበሌው ሰሌዳ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ብታነቡ፣ «ማንኛውም ነዋሪ» ከሚለው ቃል ጀርባ አንድ የታወቀ ፊት አለ። ሰፈሩ ያንን ፊት ያውቀዋል። ባለፊቱም ራሱን ያውቃል፤ አያፍርም እንጂ።

በወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ አምቦ በምትባለው ከተማ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ፣ ይህ ፊት የክብርት ወይዘሮ ድንቅቱ ነበር። ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው የቀበሌው ጸሐፊ ነጋሳ ነው። በ1973 ዓ.ም. «በመኖሪያ ግቢ እንስሳትን ስለ ማኖር» የሚለውን ደንብ በሁለት ጣቱ በታይፕ የመታው እሱ ነውና። ደንቡ ሲወለድ አራት አንቀጽ ብቻ ነበረው። ላም የለም። በግ ከበዓል ሰሞን በቀር የለም። ዶሮ ከአምስት አይበልጥም። የጭነት ከብት አያድርም። በቃ። ሰባቱ አንቀጾች በኋላ የተጨመሩ ናቸው፤ ሰባቱም የወይዘሮ ድንቅቱ ሥራ ናቸው።

አምስተኛው አንቀጽ የተወለደው ነጋሳ ዶሮ ሊቆጥር የሄደ ዕለት ነው።

«አዴ ድንቅቱ፣ የተፈቀደው አምስት ነው። እኔ የቆጠርኩት አሥራ ሁለት ነው» አላቸው።

«ሰባቱ እኮ እንቁላል ጥለው አያውቁም» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ፣ ጥሬውን እየበተኑ። «እንቁላል ያልጣለ ምኑ ዶሮ ይባላል? ልጅ ነው። አንተ ሕዝብ ስትቆጥር የሚጠቡትን ከአባወራ እኩል ነው የምትጽፈው?»

ነጋሳ ወደ ቢሮው ተመልሶ «ከእናቷ የተለየች ጫጩት ዶሮ ናት» ብሎ ጻፈ። ይህንን ሲጽፍ፣ ለዚህ ነው እንዴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ብሎ ራሱን ጠየቀ።

ስድስተኛውና ሰባተኛው አንቀጽ የበግ ናቸው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ፀጉሩ ጉልበቱ ድረስ የወረደ፣ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ የመጣ አንድ ሙክት ግቢያቸው ታስሮ ተገኘ። የፋሲካ ነው ተባለ። ፋሲካ ሦስት ወር እንደሚቀረው ነጋሳ በትሕትና አስረዳ። ወይዘሮ ድንቅቱም፣ ሦስት ወር ያልበላ በግ በምን ጉልበቱ ፋሲካ እንደሚደርስ ጠየቁት። ፋሲካ ደረሰ፤ በጉ አልታረደም። «ተላምደናል» አሉ፤ «የመስቀል ይሁን።» ሰባተኛው አንቀጽ የበዓሉ ስም አስቀድሞ እንዲመዘገብና እንዳይለወጥ ይደነግጋል።

ስምንተኛው የአህያ ነው። አህያው አደረ የተባለው ደክሞት ነው። ስንት ቀን ነው የሚደክመው ቢባሉ «እሱን ጠይቀው፤ ከጎጆ ድንች ተሸክሞ ነው የመጣው፤ መንገዱን አይተኸዋል?» አሉ። ዘጠነኛውና አሥረኛው ከዚያው አህያ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ይቅሩብን። አሥራ አንደኛው ግን ንብን ይመለከታል። ንብ በደንቡ ያልተጠቀሰች መሆኗን ወይዘሮ ድንቅቱ በጽሑፍ ካረጋገጡ በኋላ ሁለት ቀፎ ሰቀሉ። ነጋሳ ቀፎውን ሊመረምር ሄዶ የዓይኑ ቆብ ላይ ተነደፈ፤ የዚያ ሳምንት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በአንድ ዓይን ነው የተያዘው።

እዚህ ላይ ነጋሳ ለማንም የማይናገረው አንድ ኃጢአት አለ። ወይዘሮ ድንቅቱ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያስተማራቸውም እሱ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጡት እሳቸው ነበሩ። ያኔ በኩራት አጨብጭቦላቸዋል። አሁን ደንቡ ተሻሽሎ በተለጠፈ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ፤ በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ማኅተሙ ድረስ ያነባሉ፤ ከዚያ በመስኮት ብቅ ብለው «አራተኛው መስመር ላይ ቀዳዳ አለችህ፣ ኢልማ ኮ» ይሉታል። ልጄ ማለታቸው ነው። ቀዳዳዋ የትኛዋ እንደሆነች ግን ካልገቡባት በቀር አይነግሩትም።

እንግዲህ ላሟ። ዲምቱ ትባላለች፤ ቀይ ናት። በላም ጉዳይ ደንቡ ቀዳዳ የለውም፤ ባለቤቷ ተጠርቶ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያስወጣት ያዛል። ነጋሳ ጥሪውን ይዞ ሲሄድ ወይዘሮ ድንቅቱ ወረቀቱን አንብበው መለሱለት።

«እኔ ባለቤት አይደለሁም። ዳበሬ ናት።»

ዳበሬ የአገሩ ወግ ነው። ከብት ያለው ሰው ከብት ለሌለው ላሙን ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያበላታል፣ ያልባታል፣ ወተቷን ይጠጣል። ላሟ ግን የሰጪው ናት፤ ተቀባዩ አይሸጣትም፣ አያርዳትም። ሰጪው ሳይጠይቅ ጎትቶ መመለስም ትልቅ ነውር ነው። የባኮ ልጅ ነጋሳ ይህንን በደንብ ያውቃል፤ ራሱ ያደገው በዳበሬ ወተት ነው።

«ሰጪው ማነው?»

«ጉደር ያለው ኦቦ ጉርሙ ነዋ።»

ነጋሳ ጉደር ሄደ። ኦቦ ጉርሙ በክብር ተቀብለው ካበሉት በኋላ፣ እሳቸውም ላሟን በዳበሬ ያገኟት መሆኑን ነገሩት፤ ሰጪው ጎጆ ያሉት ኦቦ ሌታ ናቸው። ነጋሳ ጥርሱን ነክሶ በእህል መኪና ጎጆ ወጣ። መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከገፉት አንዱ እሱ ነበር። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ። ኦቦ ሌታ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡትና «ላሟማ የኔ አይደለችም» አሉ። «እዚያው አምቦ ያለ ወዳጄ ነው የሰጠኝ። ኦቦ ጂራ። ነፍሱን ይማር።»

ነጋሳ የገብስ ቆሎውን እንደጨበጠ ቀረ። ኦቦ ጂራ ከአራት ዓመት በፊት የሞቱት የወይዘሮ ድንቅቱ ባል ናቸው። ላሟ ዞራ ዞራ ከወጣችበት ቤት ገብታለች።

«ባለቤቱ ባልዎ ናቸው!» አለ በማግሥቱ፣ ጭቃው ሱሪው ላይ ሳይደርቅ።

«ታዲያ ለሱ ስጠዋ ጥሪውን። ካገኘኸው እኔም የምጠይቀው ነገር አለኝ።»

«እሳቸው ሞተዋል፤ ወራሿ እርስዎ ነዎት።»

«የወራሽነት ማስረጃ ስጠኝ ብዬ ስንት ጊዜ መጣሁ? ቅጹ አልቋል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

እውነት ነው፤ ቅጹ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ነጋሳ በዚያ ቀን ምሳውን አልበላም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ሰኔ ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ላም በተገኘበት ቀበሌ ጸሐፊው ከሥራ ይታገዳል። ሊቀመንበሩ ዓብዲሳ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበና «ጓድ ነጋሳ፣ ወይ እሷ ትወጣለች ወይ አንተ ትወጣለህ» አለው። የነጋሳ ሚስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህች ታይፕ በቀር ሌላ እንጀራ የላቸውም። ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ሄደ። ትልቅ ጩኸት ጠብቆ ነበር። ወይዘሮ ድንቅቱ ግን አንድም ቃል ሳይከራከሩ ገመዱን ከግንዱ ፈቱ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉለት። «በጂራ ስም፣ አልባችሁ ጠጡ» አሉት። ነጋሳ እፎይ ባለ ልቡ፣ አስተዳደጉ እንዳስለመደው፣ እሱም በሁለት እጁ ተቀበለና አመሰገነ።

ላሟ በቀበሌው ግቢ ታሰረች፤ ሐሙስ ሳይነጋጋ ወደ ጉደር ልትነዳ። ከሰዓት ላይ ግን ጡቷ ሞልቶ መጮህ ጀመረች። ከጠባቂዎቹ አንዱ ሊያልባት ሞክሮ በእርግጫ ባርኔጣውን አጣ። ጩኸቷ ስብሰባ አላስደመጠም፣ ታይፕ አላስመታም። በመጨረሻ ወይዘሮ ድንቅቱ የወተት ዕቃቸውን ይዘው መጡ፤ ጎንበስ ብለው፣ በኦሮምኛ እያባበሉ አለቧት። የመጀመሪያውን ኩባያ ለሊቀመንበሩ ሰጡ። ዓብዲሳ ጠጣ፤ ጢሙ ነጣ። ሁለተኛውን ለነጋሳ ሰጡ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ስላልቀመሰ እሱም ጨለጠው።

ወይዘሮ ድንቅቱ ዕቃቸውን ጠራርገው ተነሡ።

«በሉ እንግዲህ፤ ዳበሬውን ተቀብላችኋል። ገመዱን በሁለት እጅ ወሰዳችሁ፣ ወተቱንም ጠጣችሁ። እኔ ሳልጠይቃችሁ ከግቢያችሁ ብታስወጧት አገር ይስማችሁ።»

ነጋሳ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ዓብዲሳ አድኃሪን ሁሉ በመፈክር ያደቀቀ፣ በመድረክ ላይ «ኋላቀር ልማድ ይውደም!» እያለ ድምፁ የተዘጋ ሰው ነው። አሁን ግን ወተቱን ከጢሙ እየጠረገ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አይሆንም፣ ነጋሳ» አለ ቀስ ብሎ። «ዳበሬ ጠጥቶ ማባረር... አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው ሲደርስ፣ በመላው ቀበሌ ውስጥ የተገኘችው አንዲት ላም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ከደንቡ ሰሌዳ ሥር ተጋድማ ታመሰኳ ነበር። ተቆጣጣሪው የሩቅ አገር ሰው ነው። ነጋሳ ስለ ዳበሬ፣ ስለ ጉደር፣ ስለ ጎጆ፣ ስለ ሟቹ፣ ስለ ሁለቱ ኩባያ አስረዳው። ሲያስረዳ የራሱ ጆሮ እንኳ አላመነውም።

«ባጭሩ» አለ ተቆጣጣሪው ማስታወሻውን አውጥቶ፣ «ጽሕፈት ቤቱ ከብት ያረባል። የጸሐፊው ሙሉ ስም?»

ነጋሳ ስሙን ነገረው። ሚስቱን አሰበ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ያይ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ድንቅቱን ከነዶሮዎቻቸው ረገማቸው።

«ላሟ የኔ ናት» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡና ተቆጣጣሪው ፊት ቆሙ።

«የኔ ናት። ባሌ ነው የተወልኝ። ይሄ ልጅ አስወጧት ሲለኝ ኖሯል፤ ትናንትም ነጥቆኝ ነው እዚህ ያሰራት። ደንቡን አላጎደለም። እኔን ጻፍ።»

ተቆጣጣሪው የነጋሳን ስም ሰረዘና የእሳቸውን ጻፈ። ላሟ በዚያው ቀን ከቀበሌው ክልል እንድትወጣ፣ የስኳር ካርዳቸውም ለሦስት ወር እንዲታገድ አዘዘ። ጸሐፊው መውጣቷን በዓይኑ አይቶ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ነገረውና በላንድሮቨሩ ሄደ።

ነጋሳ ይህንን ቀን ዓመት ሙሉ ሲመኘው ኖሯል። ወይዘሮ ድንቅቱ ተረቱ! ደስታውን ፈለገ፤ አጣው። ይልቁንም እናቱን በአደባባይ የሰደበ ያህል አፈረ። እኒህ ሴት በአንዲት ጫጩት እንኳ ተረትተው አያውቁም፤ ባላቸው የተዉላቸውን አንዲቷን ላም ግን ለእሱ ሲሉ በአፋቸው አስረከቡ።

ሁለቱም ላሟን እየነዱ በወይዘሮ ድንቅቱ ቤት ጓሮ በኩል ወረዱ።

«ጉደር እስክንደርስ ይመሻል» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ፤ ድምፃቸው ሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ጉርሙ ከተቀበለኝ ነው ደግሞ።»

ነጋሳ ከጓሮው በስተጀርባ ያለችው ጠባብ ቦይ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ክልላችን እዚህ ቦይ ላይ ያልቃል» አለ። «ከዚያ ወዲያ የገበሬ ማኅበሩ ግጦሽ ነው። እነሱ ስለ ላም የጻፉት ደንብ የለም።»

ወይዘሮ ድንቅቱ ቦዩን አዩ፣ ቤታቸውን አዩ፣ እሱን አዩ። ነጋሳ አላያቸውም። ጫማውን ጭቃ እያስበላ ዲምቱን ይዞ ተሻገረና፣ ከቀበሌው ግቢ ከነገመዱ ያመጣውን ችካል አቁሞ በድንጋይ መታ። ሁለቴ ጣቱን መታ፤ ተሳደበ፤ ሦስተኛው ገባ።

«እዚያ ላይ ፀሐይ ነው» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ።

ነጋሳ ቀና አለ። ፊቱ በንዴት ቀላ። ጥላ ያላት ብቸኛዋ ዛፍ ከቦዩ ወዲህ፣ በቀበሌው ክልል ውስጥ ናት።

«የምፈርመው ችካሉን አይቼ ነው» አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። «ችካሉ ወጥቷል። ላሟ ፀሐይ ሲበረታባት የት እንደምትቆም የጠየቀኝ ሰው የለም። ሌላ ገመድ አለዎት?»

«ኤዬ፣ አለኝ» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ፤ ከወገባቸው ፈቱና ሰጡት።

ሁለቱን ገመዶች አጥብቆ ቀጠላቸው። ከዚያ መድረሱን ለማረጋገጥ ዲምቱን ራሱ እየጎተተ ቦዩን መልሶ አሻገራትና ዛፉ ሥር አቆማት።